ዓሣዎቹ የገቡት በሰባተኛው ሳምንት ነው

መቶ ሊትር ውሃ የሚይዘው የመስታወት ገንዳዬ አሸዋው ተነጥፎለት፣ እጽዋቱ ተተክለውለትና ውሃው ተሞልቶለት ስድስት ሳምንት ሙሉ ያለ አንድ ዓሣ ቆይቷል። ቤት የመጣ ሁሉ ዓሣዎቹ የት እንዳሉ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም «ውሃው ገና አልደረሰም» እያልኩ እመልስ ነበር። መልሴ ቀልድ ቢመስልም ከዚያ የተሻለ ትክክለኛ መልስ አልነበረኝም።

ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወግደው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ሲሆን፣ የሚወጣውም በአብዛኛው በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል ነው። በወንዝ ውስጥ ወራጁ ውሃ ጠርጎ ይወስድለታል፤ በመስታወት በተከበበ ውሃ ውስጥ ግን እዚያው ይጠራቀማል። ይህን መርዝ የሚያነሡት በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በአሸዋውና በቅጠሎቹ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ቢሆን ከአሞኒያ የሚሻል አይደለም፤ በዓሣው ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ፣ ውሃው ኦክስጅን ሞልቶት ሳለ ዓሣው ይታፈናል። ናይትሬት ግን ካልበዛ በቀር ብዙም አይጎዳም፤ ለእጽዋቱም ምግብ ነው። ባክቴሪያዎቹ ዘገምተኛ ተራቢዎች በመሆናቸው ይህ ሰንሰለት እስኪሟላ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

እኔ የመረጥሁት መንገድ ዓሣ ሳላስገባ ባክቴሪያዎቹን መቀለብ ነው። በአንድ ሊትር 2 ሚሊግራም ያህል እንዲሆን አሞኒያ እየጨመርሁ፣ በየሁለት ቀኑ በመመርመሪያ ጠብታ እለካ ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም የተለወጠ ነገር ስላልነበረ ጠብታው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ማታ የናይትራይቱ ብልቃጥ ከሰማያዊ ወደ ደማቅ ወይን ጠጅ ተለወጠ፤ ለብዙ ቀናትም ከዚያ ቀለም ንቅንቅ አላለም። በስድስተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ማታ የጨመርሁት አሞኒያ በማግስቱ ማታ ስለካው ጠፍቶ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሆኖ ናይትሬት ብቻ ቀርቶ አገኘሁት። ዓሣ ለማስገባት የጠበቅሁት ምልክት ይኸው ነበር። ፒኤችም፣ ማለትም የውሃው አሲድነት ወይም አልካሊነት፣ መለካት እንዳለበት በዚሁ ልጠቁም። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ የውሃው ፒኤች 7 ከሆነ ከጠቅላላው አሞኒያ በመርዛማው መልክ የሚገኘው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8 ሲሆን ግን ወደ አምስት በመቶ ይደርሳል። ያው የአሞኒያ መጠን በአንዱ ገንዳ ዓሣ ሲገድል በሌላው ሳይታወቅ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

እጽዋቱን በተመለከተ የጀማሪ ስሕተት የምለው አንድ ሁለት ዘለላ ተክሎ ሌላውን ቆይቼ እጨምራለሁ ማለትን ነው። ገና ሲጀመር ገንዳው በእጽዋት ካልተሞላ ብርሃኑንና ምግቡን አልጌ (በውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ሽፋን) ይወስደዋል። ስለዚህ ቶሎ የሚያድጉትን ቀንድ ቅጠልንና ቫሊስኔሪያን ከኋላ በብዛት ተከልሁ፤ ከፊት ክሪፕቶኮሪን፣ በእንጨቱና በድንጋዩ ላይ ደግሞ ጃቫ ፈርንና አኑቢያስ አደረግሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እንደ ዝንጅብል በአግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አላቸው፤ እርሱ በአሸዋ ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ በክር ከእንጨት ጋር ማሰር ይበቃል። ክሪፕቶኮሪኖቹ በተተከሉ በሳምንታቸው ቅጠሎቻቸው እንደ ተቀቀለ ጎመን ልፍስፍስ ብለው ሟሙ። ነቅዬ ልጥላቸው እጄን ከሰደድሁ በኋላ ሥሩን ጫን ብዬ ባየው ጠንካራና ነጭ ስለነበረ ተውኋቸው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዚያው ሥር አዲስ ቅጠል አወጡ። ይህ ተክል ቦታ ሲቀየርበት ያለውን ቅጠል ጥሎ ለአዲሱ ውሃ የሚስማማውን እንደገና የማብቀል ጠባይ አለው።

መብራቱን በቀን ለስድስት ሰዓት ያህል በማብራት ጀምሬ፣ እጽዋቱ ሥር ሲሰዱ ወደ ስምንት አሳደግሁት። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ አልጨምርም፤ የመረጥኋቸው እጽዋት ያለ እርሱም ይኖራሉ፤ ብርሃኑን ከመጠን በላይ አሳድጎ ጋዙን መንፈግ ግን ለአልጌ መንገድ መጥረግ ነው። ቅጠል ቢጫ ሲሆን ከላይ ነው ወይስ ከታች ብሎ ማየትም ብዙ ያስረዳል። ተክሉ ናይትሮጅንን ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ ማዛወር ስለሚችል የናይትሮጅን እጥረት የሚጀምረው ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ነው፤ ብረትን ግን ማዛወር ስለማይችል የብረት እጥረት የሚታየው ከጫፍ ባለው ለጋ ቅጠል ላይ ነው።

ዕፅዋትና ዓሣ ይተጋገዛሉ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሰው ስለ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ1850 ለለንደን የኬሚካል ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ በገንዳው ውስጥ ወርቃማ ዓሣዎችንና ቫሊስኔሪያን አብሮ እንዳኖረ ገልጾ ነበር። እኔን የማረከኝ ግን የገጠመው ችግር ነው፤ የሚረግፉት ቅጠሎች እየበሰበሱ ውሃውን ስላበላሹበት ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ፤ ውሃውም ጠራለት። እኔም ከእጽዋቱ ጋር ሳልጋብዛቸው የመጡትን ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች እየለቀምሁ መጣል ያቆምሁት ይህን ካነበብሁ ወዲህ ነው። ቁጥራቸው በድንገት ሲበዛም ጥፋቱ የእነርሱ ሳይሆን ምግብ ያበዛሁት የእኔ መሆኑን አውቃለሁ።

ዓሣ ሲመረጥ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ስሌት የዓሣዎቹን ርዝመት ደምሮ በሊትር ማካፈል ነው። ይህ ስሌት አይዋጥልኝም። ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሆኑ አሥር ዓሣዎችና አንድ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ በርዝመት እኩል ናቸው፤ ቅርጻቸው አንድ ዓይነት ቢሆን ግን ትልቁ ብቻውን የአሥሩን መቶ እጥፍ ይመዝናል። አልጌ ይበላል ተብሎ በአምስት ሴንቲ ሜትሩ የሚሸጠው ፕሌኮ ሲያድግ ከአርባ ሴንቲ ሜትር ማለፍ ይችላል፤ በመቶ ሊትር ውስጥ ለእርሱ መዞሪያ ቦታ እንኳ የለም። እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው፤ ዓሣው አድጎ ስንት ይደርሳል፣ የሚፈልገው ውሃና ሙቀት ከሌሎቹ ይገጥማል ወይ፣ የሚኖረውስ ከላይ፣ ከመሐል ወይስ ከታች ነው። በዚህ መሠረት ለመሐሉ አሥራ ሁለት ኒዮን ቴትራዎችን መረጥሁ። ከአማዞን ተፋሰስ የመጡ የመንጋ ዓሣዎች ናቸው፤ ሦስት አራት ሆነው ሲቀመጡ ቀለማቸውን አደብዝዘው በቅጠል ሥር ይሸሸጋሉ፤ ሲበዙ ግን መንጋው በአንድነት ሲታጠፍ ሰማያዊው መሥመራቸው ብልጭ ይላል። ስካላሬ ዓሣም አምሮኝ ነበር፤ ሲያድግ አፉ የገባለትን ኒዮን የሚውጥ በመሆኑ ተውሁት። ስድስቱን ኒዮኖች መጀመሪያ፣ የቀሩትን ከሦስት ሳምንት በኋላ አስገባሁ፤ ባክቴሪያዎቹ ለተጨመረው ጭነት መባዣ ጊዜ ያስፈልጋቸዋልና። ቀያዮቹ ቼሪ ሽሪምፖች የገቡት ከሁሉም በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ሰሞን አንድ ሽሪምፕ ሞቶ አየሁ ብዬ አዝኜ ሳነሣው፣ እግሩና አንቴናው ሳይጎድል ውስጡ ባዶ የሆነ ስስ ልባስ ሆኖ ተገኘ፤ ባለቤቱ ቅርፊቱን ቀይሮ ከጃቫ ፈርኑ ሥር ተደብቆ ነበር።

እንክብካቤው ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ውሃ በቱቦ ስቤ አወጣለሁ፤ የምተካውን ውሃ ክሎሪኑን በሚያከሽፍ ጠብታ አክሜ፣ ሙቀቱን ከገንዳው ጋር አስተካክዬ እጨምራለሁ። ውሃውን አሳድሮ ክሎሪኑን ማስነሣት ይቻላል የሚለው ምክር በክሎራሚን (ከክሎሪንና ከአሞኒያ በሚሠራው የውሃ ማከሚያ) ለታከመ ውሃ አይሠራም። ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ እሰጣለሁ፤ በሳምንትም አንድ ቀን አጾማቸዋለሁ።

ማጣሪያው ላይ ግን አንድ ጊዜ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ስፖንጁ ቆሽሾ ውሃው ማለፍ ሲሳነው፣ ንጽሕና ይሻላል ብዬ ከቧንቧ ሥር ይዤ ነጭ እስኪሆን አጠብሁት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ኒዮኖቹ ሁሉ ከውሃው ገጽ ሥር ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። ቡናማውን አተላ ቆሻሻ ብዬ ስጥለው ለስድስት ሳምንት የቀለብኋቸውን ባክቴሪያዎች አብሬ ጥያለሁ፤ የቀሩትንም ክሎሪኑ ጨርሷቸዋል። በየቀኑ ግማሽ ውሃ እየቀየርሁ ዘጠኙን አተረፍሁ፤ ሦስቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርጌ ብቻ ነው።

ሌላው የማልደራደርበት ነገር አዲስ ዓሣን ለብቻው ለአራት ሳምንት ማቆየት ነው። ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ በክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰ ያህል ሆኖ ይታያል፤ ተሕዋስያኑ በቆዳ ሥር እስካሉ መድኃኒት አይደርስባቸውም፤ የሚሞቱት ከዓሣው ወጥተው በውሃ ውስጥ በሚዋኙበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ነጠብጣቡ ጠፋ ብሎ ሕክምናን ማቋረጥ አይገባም። ሽሪምፕ ባለበት ገንዳ ውስጥ ደግሞ መዳብ ያለበትን መድኃኒት መጨመር ሽሪምፖቹን መግደል ነው፤ ሕክምናው በሌላ ዕቃ መሆኑ የሚያዋጣው ለዚህም ጭምር ነው።

ለታችኛው ክፍል የመረጥኋቸው ስድስት ኮሪዶራሶች (ባለ ጢም ትንንሽ ዓሣዎች) አሁን በዚያች ባለ ሃያ ሊትር ማቆያ ውስጥ ናቸው። ጢማቸው እንዳይጎዳ ጠጠሩን አውጥቼ ደቃቅ አሸዋ አንጥፌላቸዋለሁ፤ አፍንጫቸውን ቀብረው አሸዋውን በስንጥባቸው ሲያወጡት ይውላሉ። አልፎ አልፎ አንዱ ከታች ተወርውሮ ከገጹ አየር ጎርሶ ይመለሳል፤ አየሩን በአንጀታቸው ጭምር መተንፈስ ስለሚችሉ መጀመሪያ ቀን እንዳሰብሁት የሕመም ምልክት አይደለም። ክንፋቸው ንጹሕ ነው፤ ትናንት ስለካው አሞኒያውም ዜሮ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ይቀራቸዋል።