አልበማርል ፒፒንን በጥቅምት አትፍረዱበት

አልበማርል ፒፒን ስለሚባለው ፖም ይህን የምጽፈው በጊዜው የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ሥራዬ ቡና መቅመስ ነበር። ቨርጂኒያ ከገባሁ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ በግቢው የሚተከል የፖም ዛፍ እንድመርጥ ሲጠይቀኝ ኩራት ተሰማኝ። ከቻርለትስቪል አካባቢ አምስት ዓይነት ፖም ገዛሁ። ቆረጥኩ፣ በየመሀሉ ውሃ እየጠጣሁ ቀመስኩ፣ ነጥብ ሰጠሁ።

አንዱ አልበማርል ፒፒን ነበር። መጀመሪያ የተገኘው ኒውዮርክ፣ በዛሬው ኩዊንስ ውስጥ ነው፤ ዝርያው ከአሜሪካ ነጻነት ይቀድማል። ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን እርሻው ሞንቲቼሎ ላይ ተክሎታል። እኔ ግን በጥቅምት ነከስኩት። አረንጓዴ፣ ጠንካራ፣ ጥሬ ድንች ጥሬ ድንች የሚል። ኮምጣጣነቱ ምላስ ይቆነጥጣል። ከ100 52 ሰጠሁት።

«ልጄ፣ ይሄኛውስ?» አሉኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

«ጋሼ፣ ስም ብቻ ነው። አይረባም።»

ፉጂ የሚባለውን ሌላ ፖም ተከልን።

በዓመቱ ገበያ ላይ ለአንዲት ፖም ሻጭ ይህንኑ ስነግራት ደነገጠች። «በተለቀመ በሳምንቱ በላኸው?» ፒፒን ሲለቀም ስታርች የሞላበት ነው። ተቀምጦ ሲቆይ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ኮምጣጣነቱ ይለዝባል፣ ሽታው ይወጣል። ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል።

ከግብርና ቢሮ ያገኘሁት የቅምሻ መመሪያ ግን «በተለቀመ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቅመሱ» ይላል። በበጋ ለሚደርስ ፖም ይሠራል። ለፒፒን ግን ስህተት ነው፣ እስካሁን ያናድደኛል። ከዚያ በላይ የሚያናድደኝ የራሴ ነገር ነው። የተቆላ ቡና ቢያንስ 8 ሰዓት ሳያርፍ አንቀምስም ነበር። ማረፍ ምን እንደሆነ የማውቅ ሰው እንዴት ሳልጠይቅ ፈረድኩ?

እንደገና ጀመርኩ። 20 ፍሬ ገዝቼ እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሁለት አወጣለሁ። ከፍሪጅ እንደወጣ ግን አትቅመሱ፤ ቅዝቃዜ ሽታ ይደብቃል። ጠረጴዛ ላይ አሳድሩት። የስኳር መለኪያ ግዙ የሚሏችሁንም አትስሙ። ስኳሩን ይነግራችኋል እንጂ ሽታውንና ኮምጣጣነቱን አይነግራችሁም።

ኅዳር ላይ ገና ጎምዛዛ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ልጣጩ ወደ ቢጫ አዘነበለ፣ ያ የድንች ጣዕም ጠፋ። ለገና ስቆርጠው ክፍሉ ሸተተ። ሎሚ አለው፣ ከኋላው ጥድ የሚመስል ነገር፣ ከዚያ ማር። ኮምጣጣነቱ አልሄደም፤ ጣፋጩን ደግፎ የያዘው እሱ ነው። 91።

የተረፈውን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አንድ ቁራጭ በሉ፣ ዝም አሉ፣ ሌላ አነሱ።

«አይረባም ያልከው ይሄን ነው?»

«አዎ ጋሼ። ተሳስቼ ነው።»

መጋቢት ላይ ፒፒን ተከልን። ኤም 9 በሚባለው፣ ዛፉን አጭር በሚያደርገው ሥረ ግንድ ላይ የተከተበውን መረጥኩ። ዕድሜ ልኩን ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል፣ ግን በሁለት ሦስት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ጋሼ 74 ዓመታቸው ነው።