ለአራት በአራት ሳሎን አምፕሊፋየር ስገጥም የያዝኳቸው ልኬቶችና ስህተቶች

ያገለገለ አምፕሊፋየር ሲገዛ ከፊቱ በፊት ጀርባው ይነበባል። እኔ ጎንደር ቤቴ የገጠምኩት ሁለት ቻናል ያለው፣ በየቻናሉ 40 ዋት የሚሰጥ ያገለገለ ዕቃ ነው። የሚሠራበት ቮልቴጅ 220 ወይም 240 ተብሎ ካልተጻፈበት፣ ወይም የቮልቴጅ መምረጫ ከሌለው፣ የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው በ100 ቮልት፣ ለአሜሪካ የተሠራው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለው እኛ ሶኬት ላይ በቀጥታ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ያጉረመርማል፣ ፊውዙ ይበጠሳል። ከዚህ በፊት ፊውዙን በሽቦ የተካ "ባለሙያ" ከነካው ደግሞ የሚበጠስ ነገር ስለማይኖር ቀጥሎ የሚመጣው ጭስ ነው። መምረጫ ካለው ስፒናው ከመሰካቱ በፊት ወደ 220 ይዙር።

እዚያው ጀርባ ላይ የሚበላው ኃይል ይጻፋል። ካርቶኑ 800 ዋት እያለ ጀርባው 60 ዋት ይበላል ካለ የሚታመነው ጀርባው ነው፤ ከገባው በላይ የሚያወጣ ዕቃ የለም። ደግሞም ዋት ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 እጥፍ ገደማ ዋት ይጠይቃል። በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በአራት በአራት ሳሎን ውስጥ ከ1 ዋት በታች እየበላ ጨዋታ የሚያቋርጥ ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ ገንዘቤን ለትልቅ አምፕሊፋየር አላወጣሁም፤ ቮልቴጅ ለሚያስተካክለው ስታብላይዘርና ለሽቦ አዋልኩት።

ያገለገለን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ሶኬት ላይ አልሰካም። ከሁለቱ የመብራት መስመሮች በአንዱ መሃል 100 ዋት አምፖል አስገብቼ ነው የማስነሳው። አምፖሉ የድሮው፣ ክር ያለው መሆን አለበት፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ሲበራ አምፖሉ ለአፍታ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ሞልተው አረፉ ማለት ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ያለቦታው የተገናኘ ነገር አለና ወዲያው ይነቀል። ቮልቴጁ በአምፖሉ ምክንያት ስለሚያንስ ሪሌዩ (መውጫውን ከውስጡ ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ) "ቀጭ" ላይል ይችላል፤ ያን እንደ ብልሽት አትቁጠሩት። መስመር ቆርጦ መቀጠል የማያውቅ ሰው ይህን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተው፤ የተጋለጠ 220 ቮልት ነው።

ይህን ካለፈ በቀጥታ ሰክቼ፣ ስፒከር ሳላገናኝ፣ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጌ፣ መልቲሜትሩን ቀጥተኛ ቮልቴጅ ላይ አዙሬ የስፒከር መውጫውን ቀይና ጥቁር እለካለሁ። እስከ 50 ሚሊቮልት ቢያሳይ አያሳስብም። ከ100 ካለፈ ስፒከር አላገናኝም፤ ወደ ጥገና ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሪሌዩ ሳያገናኝ በመለካት ነው፦ ያኔ መውጫው ከውስጡ ጋር ስላልተገናኘ ዜሮ ያነባል፣ ዕቃው ጤነኛ ይመስላል። ከተከፈተ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ጠብቆ "ቀጭ" ሲል ነው የሚለካው።

መብራቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማምሻውን በየቤቱ ምጣድ ሲጣድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ቢበላ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ብዙዎቹ የድሮ አምፕሊፋየሮች ባለ ትራንስፎርመር ስለሆኑ የወረደውን ቮልቴጅ ከውስጥ የሚያስተካክል ነገር የላቸውም፤ 220 ወደ 180 ሲወርድ ዋቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል፣ የኔው 40 ወደ 27 ገደማ ማለት ነው። ያኔ በጠዋቱ ልክ ቮልዩም ከተከፈተ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከመውረዱ የከፋው ግን ጠፍቶ ሲመለስ ነው፣ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ እያለ ስለሚመጣ።

አምፕሊፋየሩ 180 ዋት ስለሚበላ፣ ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን ደምሬ 1000 ቮልት አምፔር ስታብላይዘር ወሰድኩ። ስታብላይዘሩ ላይ ያለችውን፣ መብራት ሲመለስ ኃይሉን ቶሎ እንዳይለቅ የምታዘገየውን ቁልፍ ሰው አያያትም። አጭሩ ጥቂት ሰከንድ፣ ረጅሙ 3 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ እኔ ረጅሙ ላይ ነው የማስቀምጠው። መብራት መጥቶ እንደገና እልም የሚለው በአብዛኛው በዚያ ደቂቃ ውስጥ ነውና ዕቃው አይሰማውም። ምጣድ፣ ካውያና አምፕሊፋየር አንድ ዲቫይደር ላይ አይሰኩም። ስታብላይዘር መብረቅን እንደማያቆምም ይታወቅ።

ቦታ ስመርጥ ያደረግሁት የመጀመሪያው ነገር ዳንቴሉን ማንሳት ነበር። የአምፕሊፋየር ክዳን ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት መተንፈሻ ናቸው፤ ዳንቴል፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሪሲቨር፣ አንዱም አይቀመጥባቸውም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናትና አየሩ ከቆላው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሙቀት የሚወስደው አየር ስለሆነ እዚህ ሲሆን ክፍት ቦታው ሰፋ ይበል። ከላይ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎንና ከኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ተውኩለት። ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ክዳኑ ላይ መዳፍ አሳርፎ አሥር ሰከንድ መቆየት ካልተቻለ ታፍኗል።

ሽቦው ላይ አጠር ባለ ሒሳብ እንሂድ። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ 5 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ነው። 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ በዚህ ርዝመት 0.23 ኦም (ኦም ፍሰቱን የመቋቋም መለኪያ ነው) ያህል ይይዛል፣ 1.5 ካሬ 0.12፣ 2.5 ካሬ 0.07። ሽቦው ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ እንዳያልፍ ማድረግ በቂ ነው፤ ለ8 ኦም 0.4፣ ለ4 ኦም 0.2 ማለት ነው። 1.5 ካሬ ለሁለቱም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ወፍራም መግዛት ለሻጩ ደስታ ነው። ዋናው መዳብ መሆኑ ነው። ከገበያ የሚገዛው ብዙ ሽቦ አልሙኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነውና አንድ ክር በቢላ ፋቅ አድርጉ፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ አልሙኒየም ነው። መጣል የለበትም፣ ግን አንድ ደረጃ ወፍራሙ ይወሰድ።

ጫፉን ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ልጬ በደንብ አጠማዝዤ አስገባሁ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም። አንዲት ፀጉር የምታህል ክር አምልጣ ቀዩን ከጥቁሩ ካገናኘች፣ መከላከያ ያለው አምፕሊፋየር ራሱን ይዘጋል፣ የሌለው ትራንዚስተሮቹ ይሄዳሉ። ቀይና ጥቁሩ አለመገልበጡን ባትሪ ለአፍታ ሽቦው ላይ በመንካት መፈተሽ ከፈለጋችሁ፣ ሽቦው ከአምፕሊፋየሩ በኩል ተነቅሎ ይሁን። 1.5 ቮልት ባትሪ አዎንታዊው ከቀዩ ጋር ሲነካ በሳጥኑ ውስጥ ያለው የትልቁ ስፒከር ኮን (የሚንቀሳቀሰው ሾጣጣ) ወደ ፊት ይወጣል። አንዱ ወጥቶ ሌላው ወደ ውስጥ ከገባ አንደኛው ተገልብጧል። የተገለበጠ ስፒከር አይበላሽም፤ ባሱ ግን ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሃል ላይ መቆሙን ትቶ በክፍሉ ሁሉ ይበተናል። "ባሱ ደከመ" ተብሎ ለጥገና ከሚሄደው ስንቱ በዚህች ብቻ ነው።

አራት ስፒከር ማገናኘት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ኦሙን ይቁጠር። ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ሁለት ባለ 4 ደግሞ 2። ጀርባው ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ኦም ከወረዱ ሙቀቱ ይነግራችኋል። ያልተጻፈበት ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ ባለ 8ቱ ከ6 እስከ 7፣ ባለ 4ቱ 3.5 አካባቢ ያነባል።

አቀማመጡ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት፣ ብዙ ለውጥ ያየሁትም እዚሁ ነው። የተለመደው ሁለቱን ስፒከር ቡፌው አናት ላይ፣ ከግድግዳው ጋር አጣብቆ መደርደር ነው። ቡፌው ራሱ ከበሮ ይሆናል፣ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ። እኔ ስፒከሮቹን አውርጄ በየሳጥኑ ያለችው፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር እኩል እንድትሆን ከወለሉ 95 ሴንቲ ሜትር ላይ አደረግኋት፤ ከኋላ ግድግዳ 45 ሴንቲ ሜትር አራቅኋቸው፤ እርስ በርሳቸው 1.8 ሜትር፣ ከመቀመጫዬም ያንኑ ያህል። ከሥራቸው ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቁራጭ አለ።

አራት በአራት ክፍል የራሱ ጠባይ አለው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ በ4 ሜትር ግድግዳዎች መካከል 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) አካባቢ ያለው ድምፅ ይታሰርና ያብጣል፤ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል በመሆኑ ሁለቱም አቅጣጫ እዚያው ቁጥር ላይ ይደረባል፣ እጥፉ 86ም እንዲሁ። የከበሮው "ድም" ሳያልቅ ቀጣዩ የሚደርስበት ምክንያት ይኸው ነው። ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ እብጠቱ ይብሳል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ስስበው የክራሩ ወፍራም ክር ከከበሮው ተለየ። ሶፋ መሳብ የማይቻልበት ቤት ባሱን በቁልፉ መቀነስ ነው። ስሚንቶ ወለል ላይ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ የላይኛውን ጩኸት ያረግባሉ፣ ለባሱ ግን የሚፈይዱት የለም።

መግቢያዎቹ ላይ ቀዩ የቀኝ፣ ነጩ የግራ ነው። ፎኖ የሚለው መግቢያ የሸክላ ማጫወቻ ብቻ ነው፤ ከመርፌው የሚመጣው ጥቂት ሚሊቮልት ስለሆነ ብዙ ያጎላል። ስልክ እዚያ ላይ ሲሰካ ገና ሲነካ ይሰነጠቃል። ሸክላ ማጫወቻ ደግሞ ኦክስ (AUX) የሚለው መግቢያ ላይ ሲሰካ ድምፁ እንደ ትንኝ ይሆናል። ስልክ በ3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ኦክስ ላይ ይገባል፤ የስልኩን ድምፅ 85 በመቶ ላይ አድርጎ በአምፕሊፋየሩ መጨመር ነው። የስልኩ ካነሰ የአምፕሊፋየሩ ሽውታ አብሮ ይጎላል።

የባስ ቁልፍ ላይ አንድ ነገር ልበል። ባሱን 10 ዴሲቤል መጨመር እዚያ ድምፅ ላይ 10 እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው፤ በ4 ዋት ይጫወት የነበረው 40ውን ጨረሰ ማለት ነው። ከዚያ በላይ አምፕሊፋየሩ የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ሞገድ የሚወልደው ቀጭን ድምፅ ወደ ትንሿ ስፒከር ይሄድና ያቃጥላታል። ትንሽ አምፕሊፋየር ትልቅ ስፒከር የሚያቃጥለው በዚህ መንገድ ነው። ማሲንቆው መቧጠጥ ሲጀምር ቮልዩሙ ይውረድ።

ለእምታው፣ ማለትም ያለማቋረጥ ለሚሰማው የ50 ወይም የ100 ኸርዝ እምምታ፣ መጀመሪያ መግቢያዎቹን በሙሉ ነቀልኩ። ከቀጠለ ችግሩ ከውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያረጁ ካፓሲተሮች ናቸው። ከጠፋ አንድ በአንድ መመለስ ነው። የኔው የመጣው ከዲሽ ነበር፦ የዲሹ ገመድ ልባስ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮውን ነክቶ በሪሲቨሩ በኩል ይገባል። የዲሹ ገመድ ከሪሲቨሩ ሲነቀል ጸጥ ካለ መንስኤው ያ ነው፤ በድምፅ ገመዱ ላይ የሚገባ ማግለያ ትራንስፎርመር ይፈታዋል። የስፒናውን የመሬት እግር ቆርጦ እምታውን ማጥፋት ግን ሕይወት የሚያስከፍል ዘዴ ነው። ከስልክ ቻርጀር ኃይል የሚወስድ የብሉቱዝ መቀበያም እንዲሁ ሊጮህ ይችላል፤ በፓወር ባንክ ሞክሩት፣ ጸጥ ካለ ቻርጀሩ ነው።

ቮልዩሙ ሲዞር የሚንኮሻኮሸው የበጋው አቧራ ነው። ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ የኤሌክትሪክ ንክኪ ማጽጃ ስፕሬይ ቁልፉ ሥር ተነፍቶ 30 ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይዞራል። የበር ማጠፊያ ዘይት አቧራውን ስለሚያቦካው ከወር በኋላ ይብሳል።

ሲከፈት ስልክና ቴሌቪዥን ቀድመው፣ አምፕሊፋየር መጨረሻ፤ ሲዘጋ አምፕሊፋየሩ መጀመሪያ፣ ያለዚያ "ዷ" የሚለው ስፒከሩን ነው የሚመታው። በክረምት ደመናው ሲያጉረመርም ስፒናውም የዲሹ ገመድም ሁለቱም ይነቀላሉ፤ በማጥፊያ ማጥፋት አይበቃም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለማንኛውም የሚሰማ ሙዚቃ የለም። ፊውዝ ከተበጠሰ የሚተካው ጀርባው ላይ የተጻፈው አምፔር ነው፣ ዝግተኛው ዓይነት ከተባለም ዝግተኛው፤ አዲሱም ወዲያው ከተበጠሰ ሦስተኛ ከማባከን ወደ 100 ዋቱ አምፖል መመለስ ነው።