ስድስት ኤልኢዲ በአርዱኢኖ ማስሮጥ

ድሬ ላይ ታይዋን ገበያ ለምትወርዱ ጀማሪዎች፦ አርዱኢኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ 6 ቀይ ኤልኢዲ (ትናንሽ መብራቶች) እና 6 ባለ 220 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገድብ) ይበቃል። የእያንዳንዱን ኤልኢዲ ረጅም እግር በየራሱ ሬዚስተር በኩል ከቦርዱ ፒን (መሰኪያ) 2 እስከ 7 አገናኙ፤ አጭሩን ወደ ግራውንድ (GND)። አንድ ሬዚስተር ለስድስቱ ማጋራት ቁጠባ ይመስላል፤ ግን አብረው ሲበሩ ሁሉም ይደበዝዛሉ።

ኮዱ ውስጥ ያለው ፎር ሉፕ (ትእዛዝ የሚደጋግም ክፍል) ፒኑን ያበራል፣ 80 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፣ ያጠፋል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። አንዱ ፍዝዝ ብሎ ከበራ ፒንሞድ (የፒኑን ሥራ የሚወስን ትእዛዝ) ላይ አውትፑት መባሉ ተረስቷል። ጭራሽ ካልበራ እግሩን ገልብጡት። (በቀትር ፀሐይ በረንዳ ላይ አትሞክሩት፤ የበራው ካልበራው አይለይም።)

ዋናው ጣጣ ዲሌይ (80 ሚሊሰከንዱን የሚያስጠብቀው ትእዛዝ) ነው፦ እሱ እየጠበቀ ቁልፍ ብትጫኑ ፕሮግራሙ አያይም። ቁልፍ ካስፈለገ ሚሊስ (ፕሮግራሙ ከጀመረ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነ የሚነግር) ይሻላል፤ ፒኑ መጨረሻ የተቀየረበትን ሰዓት መዝግባችሁ ልዩነቱ 80 ሲሞላ ብቻ ፒኑን ቀይሩ። ሰዓቱን ግን ኢንት (የቁጥር መያዣ ዓይነት) ውስጥ አታስቀምጡ፤ ኡኖ ላይ ኢንት ከ32,767 አያልፍም፣ 33 ሰከንድ ሳይሞላ ይዛባል። ትልቅ ቁጥር የሚይዘውን አንሳይንድ ሎንግ አድርጉት።