የድሬ ልጅ ነገ የት ይማራል?

ጀርመን ከመጣሁ ወዲህ ስለ ትምህርት ያለኝ አመለካከት ሙሉ ለሙሉ ተቀይሯል። እዚህ አውስቢልዱንግ የሚሉት ነገር አለ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ክላስ ትገባለህ የቀረውን ቀን ድርጅት ውስጥ ቱታህን ለብሰህ እየሰራህ ትማራለህ፣ ደሞዝም አለው፣ እንደ ሙያው ከሁለት እስከ ሶስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። እኔ የያዝኩት ማሽን ጥገና ነው። አንድ ቀን አለቃዬ የተቃጠለ ኩሽኔታ (የሚሽከረከር ዘንግ የሚይዘውን ቀለበት) እጄ ላይ አስቀመጠና ለምን እንደተቃጠለ ሳታውቅ እንዳትመጣ አለኝ፣ ሳገላብጠው ግሪሱ ደርቆ እንደ ሬንጅ ሆኗል፣ ቀለበቱ ወደ ሰማያዊ አድልቷል፣ ጣቴን ሳስሄድበት ይቧጥጣል። ፍሪክሽን (ሰበቃ) የሚባለውን ነገር ሀይስኩል ለፈተና ሸምድጄው ነበር፣ ወላሂ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

የሚያንገበግበኝ ይሄ እየሰሩ መማር ለድሬ አዲስ አለመሆኑ ነው። ባቡሩ ድሬ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው በሱ ምክንያት ነው፣ ከዚራ ያለው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ደሞ መለዋወጫውን እዛው በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) ይሰራ ነበር፣ ስንቱ የሰፈራችን አባት ሙያውንም ፈረንሳይኛውንም የለቀመው እዛ ግቢ ውስጥ ነው።

የእህቴ ልጅ የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈተነ። የዛን ዓመት 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው በሀገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ እሱም አልሆነለትም፣ ቤት ቁጭ አለ፣ ከዛ ድሬ ሳቢያን ሰፈር አንድ ባጃጅ ጋራዥ ገባ። አሁን የሞተሩን ድምጽ ሰምቶ ችግሩን ይነግርሃል። ባለፈው ቪዲዮ ኮል ላይ "አጎቴ ይሄን እይልኝ" ብሎ ሲያሳየኝ የፈታውን ዕቃ ፎቶ አንስቶ ቻትጂፒቲን በአማርኛ ይጠይቀዋል፣ ይመልስለታል፣ ባለጋራዡ ደሞ ከጎኑ ቆመው "እሱ የአዲሱ ሞዴል ነው ልጄ፣ የዚህኛው ሌላ ነው" ብለው ያርሙታል። የወደፊቱ ትምህርት ለኔ ይሄ ነው።

ስለ ወደፊት ሲወራ ሁሉም ታብሌት ታብሌት ይላል። ታብሌቱ ይምጣ፣ ግን ብቻውን ምን ያደርጋል? እኔ የማስበው ድሬ ላይ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ክላስ ነው፣ እዛም ፊዚክሱ በእንግሊዝኛ አልገባ ላለው ልጅ እንደ ቻትጂፒቲ ያለው ማሽን በኦሮምኛም በሱማሊኛም በአማርኛም ያስረዳዋል፣ ድሬ እኮ አንድ ክላስ ውስጥ ሶስቱም ቋንቋ አለ፣ ከዛ አስር ሰዓት ላይ በረድ ሲል ወደ ስራ፣ አንዱ አዲሱ ባቡር ጋ፣ አንዱ ነፃ ንግድ ቀጠናው፣ አንዱ እዛው ሰፈር ጋራዥ። መምህሩ አይቀርም፣ እንደውም ጋራዥ ድረስ ሄዶ የልጁን እጅ የሚያይ መምህር ነው የሚያስፈልገው። ያለ ክፍያና ያለ ወረቀት ከሆነ ግን ብዝበዛ ነው፣ በግልጽ እንነጋገር። የእህቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰርቶ ችሎታውን የሚያሳይበት አንድ ቅጠል ወረቀት የለውም፣ ይሄ ያመኛል።

እዚህ ተለማማጁ በየሳምንቱ የሰራውን የሚጽፍበትና አለቃው የሚፈርምበት ደብተር አለ፣ እሱን ወደ አማርኛ እየመለስኩት ነው። ድሬ ጋራዥ ወይ ቶርኖ ቤት ያላችሁ፣ ቴክኒክና ሙያ የምታስተምሩ፣ ለሲኦሲ (ለሙያ ብቃት ምዘናው) ምን ምን ቢካተትበት እንደሚጠቅም ጻፉልኝ፣ የመጀመሪያውን ኮፒ ለእህቴ ልጅና ለባለጋራዡ ነው የምልከው።