እሹሩሩ የደረሰው ባለ ወይን ቤት

ከቼክ ዋና ከተማ ከፕራግ ወደ ደቡብ በባቡር ሄድኩ። ቬሴሊ ላይ ወርጄ ሌላ ባቡር ያዝኩ። መድረሻዬ ይንድርዢሁቭ ህራዴትስ ይባላል። ቲኬት ስቆርጥ ስሙ አልወጣልኝ ብሎ ወረቀት ላይ ጽፌ ነው ያሳየሁት።

የሄድኩት ለቼኩ የዜማ ደራሲ ለአዳም ሚክና ብዬ ነው። ባሮክ የሚባለው የድሮ የአውሮፓ ሙዚቃ ሲነሳ ሁሉም ወደ ጀርመናዊው ደራሲ ወደ ባኽ ይሮጣል። ሚክና ግን ባኽ ሊወለድ 9 ዓመት ሲቀረው፣ በ1676 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው። በዚህች ከተማ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወት ነበር። ግጥምም ይጽፋል። ደግሞ ወይን ጠጅ ቤት ነበረው! ይህን ሳውቅ ነው ይበልጥ የወደድኩት። ቀን የማርያም መዝሙር፣ ማታ የወይን ሒሳብ።

ቤተ መንግሥቱ ቫይጋር ከሚባለው ኩሬ ዳር ነው። ግቢው ውስጥ ሮንዴል የሚሉት ክብ አዳራሽ አለ፤ ውስጡ በወርቅ አጊጧል። ሙዚቀኞቹ ግን እዚያ ወርቅ መሃል አይቀመጡም ነበር። ታች ምድር ቤት ሆነው ይጫወታሉ፣ ድምፁ ወለሉ መሃል ባለው ቀዳዳ ይወጣል። ጌቶቹ ተጫዋቹን ሳያዩ ይጨፍራሉ። ስፒከር መሬት ውስጥ እንደ መቅበር ነው። ቀዳዳው አጠገብ ትንሽ ቆምኩ። ጌትነት ለካ እንዲህም ነው።

የሚክና ዘመን የቤተ መንግሥቱ ጌታ ቪሌም ስላቫታ፣ በ1618 ፕራግ ላይ ተቃዋሚዎች በመስኮት ከወረወሯቸው የንጉሥ ሹማምንት አንዱ ነው። እሱስ ተረፈ። ያን ተከትሎ የተነሳው ጦርነት ግን 30 ዓመት ፈጀ።

ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ1647፣ ሚክና የማርያም መዝሙሮቹን አሳተመ። ከመሃላቸው አንድ እሹሩሩ አለ። እናት ሌሊቱን ቁጭ ብላ ልጇን እያባበለች ታስተኛለች፤ በቃ። ከስድስት ዓመት በኋላ ያሳተመው «የቼክ ሉት» የተባለ የዜማ መድበል (ሉት ክራር መሰል የክር መሣሪያ ነው) ረቀቅ ያለ ነው፣ አዋቂዎችም ያደንቁታል። እኔ ግን እሹሩሩው ይበልጥብኛል። ቼኮችም ለገና ዛሬም ይዘምሩታል።

ማምሻውን አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ጸጉራቸው የሸበተ እናት ናቸው። ቋንቋ አልተግባባንም። ስልኬን አውጥቼ መዝሙሩን ከፈትኩላቸው። መስከረም ነው፣ ገና ገና ነው። ሳቁብኝ። ከዚያ ኩባያ እያጠቡ እስከ መጨረሻው አብረው አንጎራጎሩት።