የብረቱ ስፕሪንግና የጎማው ቀለበት

ሥራዬ የፓተንት፣ ማለትም ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጥ ሌላውን የመከልከል መብት፣ ማመልከቻ ማዘጋጀት ነው። አንድ ኢንጂነር ለግፊት ማብሰያ ድስት የእንፋሎት ማስተንፈሻ ፈልስፈው አመለከትንላቸው። የፓተንት ቢሮው የፍተሻ ሪፖርት ሲመጣ አንደኛው የመብት ጥያቄ (ጥበቃ የምንጠይቅበትን ነገር በቃላት የሚወስነው ዓረፍተ ነገር) «ኤክስ» ተሰጥቶታል፤ አንድ አሮጌ ፓተንት ብቻውን ይጥለዋል ማለት ነው።

ኢንጂነሩ ሰነዱን አገላብጠው ተቆጡ። «ይሄ እኮ የብረት ስፕሪንግ ነው፣ የእኔ የጎማ ቀለበት ነው! ደግሞስ ጊዜው ካለፈበት ስንት ዘመኑ!»

ጊዜው ማለፉ አይረዳንም። ያለፈበት ፓተንት ማንንም መከልከል ባይችልም፣ እኛ ከማመልከታችን በፊት ለሕዝብ እስከወጣ ድረስ ለፓተንት የሚያስፈልገውን አዲስነት ያፈርሳል። የጎማው ነገር ግን ቁም ነገር ነበረው። የመብት ጥያቄውን በወረቀት ላይ ቆራርጬ ጻፍኩላቸው፦ ቀዳዳ ያለው ክዳን፣ ቀዳዳውን የሚዘጋ መድፈኛ፣ መድፈኛውን የሚጫን «ተለጣጭ አካል»። በእያንዳንዱ ትይዩ የአሮጌውን ሰነድ ገጽ አስቀመጥኩ። ሦስቱም ተገኙ። የቢሮው መርማሪ የሚያነጻጽረው የተጠየቀውን ቃል እንጂ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ዕቃ አይደለም፤ ስፕሪንግ ደግሞ ተለጣጭ አካል ነው። ጥያቄውን ሰፋ አድርጎ መጀመር የተለመደ ነው፣ ሰፊው ግን የድሮውንም አብሮ ያቅፋል።

ደግነቱ፣ መድፈኛውና ተለጣጩ አንድ ወጥ የጎማ ቀለበት መሆናቸው በመጀመሪያው መግለጫችን ተጽፏል። እዚያ ባይኖር ኖሮ በኋላ መጨመር አይፈቀድም ነበር። ጥያቄውን በዚያ አጠበብነው፤ አሮጌው ሰነድ ወጥ ቀለበት ስለሌለው የአዲስነት ክርክሩ እዚያው አበቃ።

መርማሪው ግን «ዋይ» ይዞ ተመለሰ፦ አሮጌውን ፓተንት ወጥ የጎማ ቀለበት ካለው ሌላ ሰነድ ጋር ማጣመር ለባለሙያ ግልጽ ነው፣ ስለዚህ ፓተንት አይገባውም የሚል። እኔ በጣም የምወደው የሥራው ክፍል ይሄ ነው። ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን ስለተገኘ ብቻ አይበቃም፤ የዘርፉ ባለሙያ እንዲያጣምራቸው የሚገፋው ምክንያት መኖር አለበት። ሁለተኛውን ሰነድ ከኢንጂነሩ ጋር ቃል በቃል ስናነብ፣ እሳቸው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ፦ ቀለበቱ ለቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧ ብቻ ነው፣ ሙቀት ያለበት ቦታ እንዳይገጠም ይላል። ለእንፋሎት መፍትሔ የሚፈልግ ባለሙያ ከዚያ ምን ብሎ ይወስደዋል?

መልሳችንን በዚያች መስመር ላይ ገነባነው፤ መርማሪው ተቀበለ። ለኢንጂነሩ የተፈቀደላቸው ወጥ የጎማ ቀለበት ያለው ማስተንፈሻ ብቻ ነው፤ በስፕሪንግ የሚሠራውን ማንም ሰው መሥራት ይችላል።