ከአማት ጋር የማይታይ ፊልም

አማቴ ፊልም አይመርጡም፤ የተከፈተውን ያያሉ። ታዲያ ላዩት ነገር ሁሉ ማብራሪያ ይጠይቃሉ። ያን ምሽት «ምንድን ነው የከፈትከው?» ሲሉኝ፣ «ዝናው የደበዘዘበት ተዋናይ ወደ ሙያው ለመመለስ ሲታገል የሚያሳይ ነው፣ አባባ። ኦስካር ያገኘ ፊልም ነው» አልኳቸው። ኦስካርን የጨዋነት ማረጋገጫ አድርገው ወሰዱትና መነጽራቸውን ጠርገው ተደላድለው ተቀመጡ።

ፊልሙ «በርድማን» ነው። ገና ሲጀምር ማይክል ኪተን ጀርባውን ሰጥቶ፣ በነጭ ሙታንታ ብቻ፣ አየር ላይ ተንሳፍፎ ተቀምጧል።

ዝም አልን።

«ወንበሩስ?» አሉ አማቴ በመጨረሻ። ስለ ሙታንታው ያልጠየቁት ለእኔ አዝነው ይመስለኛል።

በሌላ ፊልም እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ጥቂት ሰከንድ ጣሪያ ጣሪያ ማየት ነው፤ ትዕይንቱ ተቆርጦ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህ ግን ከሞላ ጎደል ሙሉው በአንድ ቀረጻ የተነሳ እንዲመስል ሆኖ የተሠራ ነው። ዳይሬክተሩ አሌሃንድሮ ኢኛሪቱና የካሜራ ባለሙያው ኢማኑኤል ሉቤዝኪ መጋጠሚያዎቹን እንዳይታዩ አድርገው ደብቀዋቸዋል። ለሲኒማ ተማሪ ድንቅ ጥበብ ነው፤ አማቱ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ግን በር የሌለው ቤት ነው።

በዚያ ላይ ከበሮው! የፊልሙን ሙዚቃ የሠራው አንቶኒዮ ሳንቼዝ ያለ ርኅራኄ ይደበድበዋል። አማቴ ጎረቤት ግድግዳ የሚያፈርስ መስሏቸው ጣሪያውን ሲገላምጡ ቆዩ። በኋላ ከበሮ መቺ በፊልሙ ውስጥ ብቅ ሲል «ይኸው ተያዘ!» አሉ በእርካታ።

ለማስቀየስ ብዬ ኪተን እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1992 ባትማንን ሆኖ እንደሠራ፣ በዚህ ፊልም የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ሪጋንም እንደዚሁ በአንድ ወቅት ክንፍ ያለው ጀግና ሆኖ ዝነኛ እንደነበር ነገርኳቸው። «ጡረታ አልቀበልም ብሎ ነዋ!» አሉ። ራሳቸው ጡረተኛ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው የእርሳቸው ወገን ሆነ።

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። ሪጋን በሚሠራበት ቴአትር መሀል ሲጋራ ለማጨስ በጓሮ ይወጣል፤ በሩ ይዘጋበታል፤ የጋዋኑን ጫፍም ይይዝበታል። መድረክ የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል። ጋዋኑን እዚያው ጥሎ፣ በሙታንታ፣ በሰው በተጨናነቀው የኒው ዮርክ አደባባይ ታይምስ ስኩዌር መገስገስ ጀመረ። ካሜራውም ፊት ፊቱን፣ ሳይቆረጥ።

ሪሞቱን አማቴ ይዘውታል። «አባባ፣ ይህችን ላሳልፋት?»

«ተው እንጂ! ቴአትሩ ሊያመልጠው ነው!»

ሰዉ በስልኩ እየቀረጸ ሲከበው አማቴ ከተቀመጡበት ተነሡ። «መንገድ ልቀቁለት!» ብለው ቴሌቪዥኑ ላይ ጮኹ። «አይዞህ፣ ደርሰሃል!»

ባለቤቴና እናቷ በሩን ከፍተው የገቡት ያኔ ነው። ስክሪኑን የሞላው ባለ ሙታንታ ሰው ነበር፤ ከፊቱ ደግሞ አባባ፣ በሁለት እጃቸው እያበረታቱት።

እማማ አንዴ ቴሌቪዥኑን፣ አንዴ ባላቸውን አዩ።

«እሱ ነው የከፈተው» አሉ አማቴ፣ በሪሞቱ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

እንዲያም ሆኖ እስከ መጨረሻው ሳያዩ አልተነሡም። ሲያልቅ ስለ ሽልማቱ ጠየቁኝ። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ ሥነ ሥርዓት ምርጥ ፊልምን ጨምሮ አራት ኦስካር እንደወሰደ፣ የምርጥ ተዋናይነቱ ሽልማት ግን ለኪተን ሳይሆን ለኤዲ ሬድሜይን እንደተሰጠ ነገርኳቸው።

«ያን ሁሉ መንገድ በሙታንታ አስኪደውት?» አሉና ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወረወሩት።